ከእረፍት በኋላ የሚረብሸው ክፍል እንዴት ሰከነ

9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ችግሩ ሁልጊዜ ከእረፍት በኋላ ነበር፤ ደወሉ ተደውሎም ተማሪዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ ይገባሉ፣ የገቡት ያወራሉ፣ ከ40 ደቂቃው ሩቡ ይባክናል።

መጀመሪያ በር ዘጋሁ። ውጭ የቀሩት መስኮት ሥር ሆነው ይበልጥ ረበሹ። ቀጥሎ ስማቸውን ለዩኒት ሊደሩ ሰጠሁ፤ ወላጅ አምጡ ተባሉ፣ አንዳንዱ "አጎቴ ነው" ብሎ የሰፈር ሰው ይዞ መጣ። አንበርክካቸው ያሉኝም ነበሩ። አላደረግሁትም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል፤ የተንበረከከ ልጅም ሒሳብ አይማርም።

የሠራው ይህ ነው፦ ከደወሉ በፊት ገብቼ ካለፈው ትምህርት አንድ አጭር ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ በር ላይ ቆሜ እያንዳንዱን በስሙ ሰላም እያልኩ ብጣሽ ወረቀት እሰጣለሁ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ የቡድን መሪዎች ይሰበስባሉ፤ ከተከታታይ ምዘናው ላይ ትንሽ ነጥብ ይያዝለታል። ያረፈደ ወረቀት አያገኝም፣ ግን ሳይሰደብ ገብቶ ይቀመጣል። ጥያቄው የግድ ቀላል ይሁን። ሲከብድ ደከም ያሉት ተስፋ ቆርጠው ወደ ወሬያቸው ይመለሳሉ፣ እኛ ደግሞ በጣም የምንፈልጋቸው እነሱን ነው።

ክፍሉ በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ ነጥቡ መዝገብ ላይ ሲገባ ካዩ በኋላ ግን ደወሉን መጠበቅ ጀመሩ። አሁንም የሚያረፍዱ ጥቂት ልጆችን ለብቻ ጠየቅኋቸው። ውኃ ለመጠጣት ቧንቧው ጋ ተሰልፈው ነበር የሚቆዩት። ጠዋት ጠዋት በተራ የሚሞላ ክዳን ያለው ጀሪካን ክፍል ውስጥ አስቀመጥን።