ለያኔው ልጅነታችሁ ደብዳቤ ለመጻፍ ካሰባችሁ

በጉርምስና ዘመን ለነበሩት ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ሰሞኑን ተወዷል። ብዙዎቹን ሳነብ ግን ይሰለቸኛል። «ራስሽን ውደጂ፣ ወላጆችሽን አክብሪ፣ ሁሉም ያልፋል።» ይሄማ ሚኒባስ ላይም ተለጥፏል። ስለ ቤተሰብ የሚረባ ነገር ለመጻፍ መጀመሪያ ትንሽ የማጣራት ሥራ አለ።

አንድ ዓመት ምረጡ። እኔ 1985ን ያዝኩ። ናዝሬት፣ ዘጠነኛ ክፍል። አባባ ወታደር ነበር፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ቤት ገባ። በፈቃድ ብቻ የምናየው ሰው ድንገት የቤት ሰው ሆነ። ማታ ማታ ሬዲዮ ጋ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል። እማዬ እንጀራ እየሸጠች ቤቱን ይዛለች። ታላቅ እህቴ ቤይሩት ናት። እኔ ደግሞ አኩርፌያለሁ።

ቀጥሎ የወላጆቻችሁን የያኔ እድሜ አስሉ። ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነው፤ አስቸጋሪውም ይሄው ነው። ያገራችን ትልልቅ ሰው የተወለደበትን ዓመት እምብዛም አያውቅም፤ መታወቂያው ላይ ያለውም ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነው። ስለዚህ በዘመን ጠይቁ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ነበር። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ነው። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ የእድገት በኅብረት ዘመቻም በዚያው ዓመት ተጀመረ። «ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ሳይሆን «ያኔ ምን ይሠሩ ነበር?» በሉ።

አባባ «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ነበር፤ ከብቱም አልቀረልኝ» አለኝ። አሥር አሥራ አንድ ዓመት ብንለው፣ በ1985 አርባ ሦስት ቢሆነው ነው። እኔ አሁን አርባ ሰባቴን ይዣለሁ። በኔ አእምሮ ሽማግሌ የነበረው ሰው ከኔ ያንስ ነበር! ደመወዝ የለ፣ ጡረታ የለ፣ የሚያውቀው ሙያ ሁሉ ከጠመንጃ ጋር የተያያዘ ጎልማሳ።

ከዚያ ሰዎቹን አነጋግሩ። ቡና ጥሩ ነው፤ አቦሉ ላይ ሳይሆን ቶናው ላይ፣ ወሬው ሲበርድ። በዓል ላይ አትሞክሩት፤ ዶሮ ወጥ ፊት ቁም ነገር የሚያወራ የለም። «ለምን» የሚለውን ቃል ደግሞ ተዉት። «ለምን ትቆጣን ነበር?» ካላችሁ መልሱ ሌላ ቁጣ ነው። «ያን ጊዜ ቀኑ እንዴት ነበር የሚያልፈው?» ስለው ግን አባባ ራሱ አወራኝ። ጠዋት ሥራ ፍለጋ እንደሚሄድ ሰው ይወጣል። ባቡር ጣቢያ ሄዶ ዕቃ ሲራገፍ እያየ ይውላል። የሚያውቀው ሰው ካየው «ሰው ልቀበል ነው» ይላል።

የድሮ ዕቃም ፈትሹ። ያኔ ከአረብ አገር ድምፅ በካሴት ቀድቶ በሰው መላክ የተለመደ ነበር። የእህቴን ካሴቶች ወደ ፍላሽ አስገለበጥኳቸው። በልጅነቴ ጆሮዬ የሚቆመው ስለምትልክልኝ ጫማ ስታወራ ብቻ ነበር። አሁን ስሰማው ወሬዋ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ማዳም ስትጠራት ነው። ስትመለስ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «እና ምን እያልኩሽ ነበር?» ትላለች።

አሁን ወደ ምክሩ። እያንዳንዱን መስመር ስትጽፉ ልጅቷ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ኪስ ልታደርገው ትችል እንደነበር ጠይቁ። «አባትሽን ተረጂው» ምክር አይደለም። በአሥራ አምስት ዓመቷ እንዴት አድርጋ? እኔ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሚጢ፣ አባባ የጀርመን ድምፅን ሲያዳምጥ አጠገቡ ቁጭ በይ። ዜናው ሲያልቅ የጂኦግራፊ መጽሐፍሽን አምጪና የት የት እንደዘመተ ካርታው ላይ ያሳይሽ። የቤት ሥራ ነው በይው።»

የትልልቆቹን ዕዳ ልጅቷ ላይ አትጫኑ። እማዬና አባባ በገንዘብ ሲጨቃጨቁ መሃል ገብቶ ማስታረቅ የኔ ሥራ አልነበረም። እሱ ላይ «ያንቺ አይደለም፤ ጎረቤት ሄደሽ አጥኚ» ብያለሁ። ዱላ የበዛበት ቤት ያደጋችሁ ደግሞ እባካችሁ «ይቅር በይ» ብላችሁ አትዘዟት። ማን ጋ መሸሽ ትችል እንደነበር ንገሯት፤ የትኛዋ አክስት፣ የትኛዋ ጎረቤት፣ በየትኛው በር።

አንድ ገጽ ይበቃል። በቤት ስማችሁ ጀምሩ፤ እኔ ለምሳሌ በሙሉ ስሜ ስጽፍ የቀበሌ ማመልከቻ መሰለብኝ። ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ የምትቸኩሉ ካላችሁ፣ ገመናው የናንተ ብቻ እንዳልሆነ አስቡበት። እኔ እህቴን የሚመለከተውን ክፍል በስልክ አነበብኩላትና አንድ ዓረፍተ ነገር አስወጣችኝ። መብቷ ነው።

ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡት። አንዳንዱ ምክር ጊዜው ገና አላለፈም፤ እሱን ከወረቀቱ አውጡና አድርጉት። የካርታው ጥያቄ ዛሬም ይጠየቃል፤ ስልካችሁ ላይ ከረንን ወይ አፋቤትን ከፍቶ ማሳየት ነው። አባባ መነጽሩን እስኪያገኝ ትንሽ ይቆያል እንጂ፣ አንዴ ከጀመረ እራት ያስረሳል።