«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አለርጂ» ተብሎ ይጻፋል። በቃ። በሽተኛዋ መድኃኒቱን ወስዳ ምን ሆነች? ከስንት ሰዓት በኋላ? የሚጠይቅ የለም። ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምቆጣቸው በዚህች ቃል ነው።

አለርጂን ሁሉ አንድ ማድረግ

ጌልና ኩምስ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 አራት ዓይነት ብለው ከፍለውታል። ፔኒሲሊን ብቻውን አራቱንም ያመጣል። አንደኛው አይጂኢ በሚባለው አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) የሚነሳ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነት ያሳክካል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በሁለተኛው መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴል ላይ ይለጠፍና አንቲቦዲው ሴሉን ያስፈጀዋል፤ በሽተኛው ደም ያንሰዋል። በሦስተኛው አንቲቦዲና መድኃኒት ተጣብቀው የደም ሥርና መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ቁርጥማት ይመጣል። አራተኛው ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሥራ ነው፣ ቀናት ይወስዳል። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ የሚነበበውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ካርዱ ላይ «መርፌ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ሽፍታና ትንፋሽ ማጠር» ብላችሁ ጻፉ። የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነው አሞክሳሲሊን ሆዷን ካስቀመጣት ደግሞ እሱ አለርጂ አይደለም። ተቅማጥ ነው።

«ባለፈው ወስጄው ምንም አልሆንኩም»

የመጀመሪያው ጊዜ ሰውነት አንቲቦዲውን የሚያዘጋጅበት ነው። ሪሼና ፖርቲየር የተባሉ ፈረንሳውያን ሳይንቲስቶች ከባሕር እንስሳ የወሰዱትን መርዝ ለውሻ ሰጡት፣ ውሻው ቻለው። ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ሲደግሙለት ወዲያው ወድቆ ሞተ። ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1913 ኖቤል ያገኘው በዚህ ነው።

አድሬናሊንን መፍራት

ይሄኛው ስህተት ሰው ይገድላል። ሴትዮዋ መርፌ ተወግታ ወደ በሩ ስትሄድ መዳፏን ማከክ ትጀምራለች። «ምላሴ ከበደኝ» ትላለች። ድምፅዋ ይጎረንናል። አንዱ ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ይበጠብጣል፣ ሌላው ደም ሥር ይፈልጋል። ሃይድሮኮርቲዞን እኮ ሥራውን የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው! የማሳከክ መድኃኒትም የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። አድሬናሊን ነው የሚቀድመው፤ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ጭኗ ላይ በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ። ካልተሻላት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። አስተኟት፣ እግሯን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ካጠራት ግን ትቀመጥ። «ተነሺና ንፋስ ተቀበዪ» ማለት የለም፤ ስትቆም ደሙ እግሯ ላይ ይቀርና ልቧ ሊቆም ይችላል። ተሻላት ብሎ ቶሎ ወደ ቤት መሸኘትም ስህተት ነው፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስባት ይችላል።

ኮምፕሊመንትን ከሰፕሊመንት ማምታታት

አትሳቁ፣ ቫይታሚን የመሰለው ተማሪ ገጥሞኛል። ኮምፕሊመንት ደም ውስጥ ተኝተው የሚጠብቁ ከ30 በላይ ፕሮቲኖች ናቸው፣ አብዛኞቹን ጉበት ይሠራቸዋል። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይሄድና የመጨረሻዎቹ የሴሉን ግድግዳ ይበሱታል። በአለርጂ ውስጥ ዋና ሥራቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓይነት ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ያለነሱም ይነሳል።

የደም ምርመራ ውጤቱ ላይ ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ሲ3 ዝቅ ሲል «መከላከያው ደክሟል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የቀነሰው ሥራ ላይ ውሎ ስላለቀ ነው። ቶንሲል ታሞ የነበረ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፊቱ አብጦ፣ ሽንቱ ኮካ መስሎ ይመጣል፤ ኩላሊቱ ተቆጥቶ ነው። ሲ3 ይወርዳል፣ በአብዛኛው በስምንት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሌላ የኩላሊት በሽታ መፈለግ ነው።

እብጠት ሁሉ አለርጂ ነው ማለት

ከንፈር ያብጣል፣ ግን አያሳክክም፣ ሽፍታም የለውም፣ እናትየውም እንዲሁ ያደርጋት ነበር። ይህ ኮምፕሊመንትን የሚገታው ፕሮቲን በዘር ሲጎድል የሚመጣ ሊሆን ይችላል። አድሬናሊኑም የማሳከክ መድኃኒቱም አይመልሱትም። ሲ4 የሚባለውን የኮምፕሊመንት ፕሮቲን ምርመራ እዘዙ፣ ጉሮሮዋንም ጠብቁ።