ልጁ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?

ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት። እናት ምጣድ ላይ ናት። የሦስት ዓመት ልጇ "ስልክ ስጪኝ" ይላታል። "አይሆንም" አለችው። ጮኸ። ጮኸችበት። መሬት ላይ ተንከባለለ። ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ እንጀራው ሊያርርባት ሲል ስልኩን ሰጠችው። ፀጥ አለ።

በዚህች ደቂቃ ሁለቱም አንድ ነገር ተማሩ። ልጁ "ከጮህኩ ይሰጠኛል" አለ፤ እናቱም "ከሰጠሁት አርፋለሁ" አለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ከባልደረቦቹ ጋር ቤተሰቦችን በየቤታቸው ሲከታተል ያገኘው ይህንኑ አዙሪት ነው። ችግር፣ ጠብና የእናት ድባቴ ባሉበት ቤት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እናትን መውቀሱን እንተወው።

መጀመሪያ ጨዋታ ነው። ብዙዎቻችን ከቅጣት እንጀምራለን፤ ልጅ ግን የሚሰማው አብሮት የሚጫወተውን ሰው ነው። በቀን 10 ደቂቃ ስጡት። ስልኩ ይቀመጥ፣ ጨዋታውን እሱ ይምራ። ቆርኪና ባዶ ጣሳ ይበቃል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ የጤና ረዳቶች ወደ ቀነጨሩ የድሃ ልጆች ቤት በሳምንት አንድ ሰዓት እየሄዱ እናቶችን እቤት በተሠሩ መጫወቻዎች ማጫወት አሳዩ። ለሁለት ዓመት። ልጆቹ 22 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይህን ካላገኙት እኩዮቻቸው ይልቅ ከድብድብ የራቁ ሆኑ፤ ገቢያቸውም 25 በመቶ ያህል በለጠ። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ በቆርኪ የሚጫወት ልጅ አይቼ ዝም ብዬ አላልፍም።

ቀጥሎ ማመስገን። "ልጅ ፊት ከሰጡት ይባልጋል" እንላለን። ግን ያደረገውን ጠርታችሁ አመስግኑት፦ "እሰይ የኔ ጌታ፣ ጫማህን ራስህ አደረግህ!" "ጎበዝ" ብቻ ከሆነ ምኑ እንደተወደደለት አያውቅም።

ስታዙት ከማዶ "ተው!" አትበሉ። ቀርባችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ፣ አንድ አጭር ነገር ብቻ። "ረከቦቱን አትንካ" ከምትሉት "እዚህ ቁጭ በልና ፈንዲሻውን ያዝልኝ" በሉት። አያ ጅቦም ይቅር።

ከባዱ ለጩኸት ጆሮ አለመስጠት ነው። ማንንም የማይጎዳ ጩኸት ከሆነ ዝም በሉት፤ ሲረጋ ወዲያው አናግሩት። መጀመሪያ ሰሞን ጩኸቱ ይብሳል፣ አትደንግጡ። በሦስተኛው ቀን ተሸንፋችሁ ከሰጣችሁት ግን ረዘም አድርጎ መጮህ እንደሚያዋጣ አስተማራችሁት። የቤቱ ሰው በሙሉ ይስማማ፤ አያት ደብቀው ከረሜላ ከሰጡት ልፋቱ ገደል ገባ። ከተማታ ወይም ወደ እሳት ከሄደ ግን ወዲያው አንሱት። ዱላ አያስፈልግም።

እናት እንቅልፍ ካጣች፣ ሁልጊዜ ልቅስ ልቅስ ካላት፣ ይህ ሁሉ ለሷ ተጨማሪ ሸክም ነው። መጀመሪያ እሷ ትታከም። የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታናግር፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። ቤት ውስጥ የሚመታት ሰው ካለ ደግሞ ልጁን ከማረም በፊት የሷና የልጁ ደህንነት ይቀድማል።

አሥሩን ደቂቃ መቼ እናድርገው ለምትሉ፦ ምጣዱ ከመጣዱ በፊት። ጠግቦ የተጫወተ ልጅ እንጀራው እስኪያልቅ ይታገሣል፤ ትንሽ ሊጥ በጣሳ ከሰጣችሁት ደግሞ እሱም አጠገባችሁ "ይጋግራል"።