ችግርና መፍትሄ፦ «80 ሲሲ ገጥሜም ዳገት አይወጣልኝም»

ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ጋራዤ ሲመጣ ገና አፉን ሳይከፍት የሚለውን አውቀዋለሁ። «ሞተሩ አንሶብኛል፤ ትልቁን ግጠምልኝ።» ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ብስክሌት እንደ እግር በሚቆጠርበት ከተማ ነው። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር አጠገብ ሲሆን ብስክሌት ላይ ሞተር ስገጥምና ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ሞተሩ በእውነት አንሶት የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀረው ሁሉ ችግሩ ከኮሮናው (ካቴናው፣ ማለት ሰንሰለቱ፣ ከሚዞርበት የኋላ ጥርሳም ክብ)፣ ቤንዚንና አየር ከሚደባልቀው ካርቡረተር ወይም አየር ከሚያስገባ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል ከሚገባ ማሸጊያ) ነበር። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ነቅሎ ማየት፣ የቤንዚን መስመር መክፈት፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የፍሪሲዮን ገመድ ማስተካከል የታወቁ ነገሮች ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ፤ ሲሲ የሲሊንደሩ የውስጥ ይዘት መለኪያ ነው። ካርቶኑ ላይ «80 ሲሲ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅበት) የቻይና ሞተር 80 ሲሲ አይደለም። የሲሊንደሩን ክዳን ፈትተው ይለኩት፤ የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሰላ 66 ሲሲ ይመጣል። ትንሹ ደግሞ ስፋቱ 40፣ ጉዞው ያው 38 ሚሊ ሜትር ሲሆን 48 ሲሲ ይሆናል። ይህ ውሸት በጣም ያናድደኛል። ሰው 32 ሲሲ ጨምሬ ገዛሁ ብሎ ገንዘቡን ያወጣል፤ ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው 18 ብቻ ነው።

ሜዳ ላይ ይበርራል፣ ዳገት ላይ ይሞታል

ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ በቀላሉ ይነሳል፣ ሜዳ ላይ ደስ የሚል ፍጥነት አለው፤ ትንሽ ዳገት ሲያገኝ ግን ድምፁ እየወፈረ፣ እየከበደ ሄዶ ይቆማል። ባለቤቱ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይጎትታል። ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ሲሊንደሩ ይግላል፣ ከዚያ ሰውየው ትልቅ ሞተር ፍለጋ ይነሳል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያ የኋላው ኮሮና ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ባለ 44 ጥርስ ነው። ፍጥነት የናፈቀው ሰው ግን ያንን አውጥቶ ባለ 36 ያስገባል፤ ሜዳ ላይ ሲሞክረው ይፈጥንለታል፣ ደስ ይለዋል፤ ዳገቱን የሚያስበው ሲደርስበት ነው።

ሂሳቡን አንድ ጊዜ አብረን እንሥራው። በሞተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሳም ክቦች 20 እና 82 ጥርስ አላቸው፤ ዙሩን በ4.1 እጥፍ ያዘገዩታል። ከሞተሩ የሚወጣው ትንሹ ጥርሳም ክብ፣ ፒኞኑ፣ 10 ጥርስ አለው። በባለ 44 ኮሮና ሞተሩ ጎማውን አንዴ ለማዞር 18 ጊዜ ይዞራል። በባለ 36 ዙሩ ከ15 ያንሳል፣ በባለ 50 ደግሞ 20 ተኩል ይደርሳል። ጎማው ባለ 26 ኢንች ሆኖ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢዞር፣ በ36 ጥርስ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር፣ በ44 ጥርስ 34፣ በ50 ጥርስ 30 ይሄዳል። ከ36 ወደ 50 ጥርስ የሄደ ሰው 12 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይከፍላል፤ በለውጡ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመሳብ ጉልበት 39 በመቶ ይጨምርለታል። አሁን ከ48 ሲሲ ወደ 66 ሲሲ የሚደረገውን ዝላይ ያስሉት፤ 38 በመቶ ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱን ለማግኘት አንድ ጥርሳም ብረት ይለወጣል፤ ሌላውን ለማግኘት ሞተሩ በሙሉ።

አንድ ምግብ አድራሽ ወጣት በአንድ በጋ ሦስት ሞተር ጨርሶ መጣ። መጀመሪያ 48 ገጠመ፤ ዳገት አልወጣለትም። «80» ገዛ፤ ለጥቂት ሳምንታት ትንሽ ሻል ካለው በኋላ ፒስተኑ ነከሰ፣ ማለት ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣበቀ። ሌላ «80» ገዛ፤ የፍሪሲዮኑ ንጣፎች ከሰል ሆኑ። ብስክሌቱን ገልብጬ ጥርሱን ስቆጥር 36 ነው። ሦስቱንም ሞተር ያሠራው በዚያው በአንዱ ኮሮና ነበር፤ አንድም ቀን አልቆጠረውም። ያስቀመጠውን የመጀመሪያውን ባለ 48 ሲሲ ሞተር አውጥተን የፒስተን ቀለበቱን አዲስ አደረግሁ፣ ከኋላ ባለ 50 ጥርስ ገጠምኩ። በማግስቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ሌላ ሞተር ቀየሩልኝ እንዴ?» አለኝ። የሦስት ሞተር ገንዘቡን ሳስብ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መፍትሄው፦ ሌላ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ጥርሱን ይቁጠሩ። 36 ከሆነ ወደ 44 ይመለሱ፣ መንገድዎ ዳገት ከበዛበት ወደ 50 ይሂዱ። ኮሮናው ከጎማው ሽቦዎች ጋር በሁለት የላስቲክ ቀለበትና በ9 ቡሎን ይያዛል፤ ባለ 36 ሽቦ ጎማ ካልሆነ በትክክል አይገጥምም። ቡሎኖቹን አንዱን ጨርሰው ወደ ጎረቤቱ አይሂዱ፤ በየተራ፣ ፊት ለፊት እያደረጉ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። ከዚያ ጎማውን በእጅ ያዙሩት። ኮሮናው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቅ ከሆነ ፈትተው እንደገና ይሥሩት። የተዋዠቀ ኮሮና ካቴና ይጥላል፣ የጣለው ካቴና ጎማ ያስራል። ከ50 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ዘጠኙንም ቡሎን እንደገና ያጥብቁ፤ ላስቲኩ ስለሚረግብ ይላላሉ።

ጥርሱ ትክክል ሆኖም ሲንተባተብ

ኮሮናው 44 ነው፣ ሞተሩ ግን ጋዝ ሲሰጡት ይንተባተባል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ላይ ነው የሚነዱት?

የፋብሪካው ካርቡረተር ቤንዚን የሚመጥነው ለዝቅተኛ ቦታ አየር ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ካለችው ከሂውስተን ተዛውሮ የመጣ አንድ ሰው ብስክሌቱ እዚያ ነፍስ እንደነበረው፣ እዚህ እንደ ሞተበት እየማለ ነገረኝ። እውነቱን ነው። 48 ሲሲው እዚህ የሚተነፍሰው እዚያ 41 ሲሲ ሞተር የሚተነፍሰውን ያህል ነው፤ የሚገባው ቤንዚን ግን ያልተቀነሰ ስለሆነ ያንቀዋል። ባሕር ዳር ከዴንቨር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ 1,800 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከመጠኑ አንድ አምስተኛ ያህሉ በአየሩ ብቻ ይጠፋል። አዲስ አበባ ላይ የሚነዳ 66 ሲሲ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደሚነዳ 52 ወይም 53 ሲሲ ነው። የመጠን ምርጫ ላይ ይህን የሚያስብ ሻጭ እስካሁን አላገኘሁም።

መፍትሄው፦ ከጋዙ ገመድ ጋር የምትንቀሳቀሰውን የካርቡረተር መርፌ ያውጡ፤ አናቷ ላይ ትንሽ መያዣ ሽቦ አለ። ያንን ወደ ላይኛው ጎድጓዳ ሲያዛውሩት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ካልበቃ ከታች ያለውን ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ፣ ያንን ትንሽ የናስ ቡሎን፣ ጠበብ ባለ ይለውጡ። ሰፋ ያለውን በመርፌ እየቆፈሩ የሚያበላሹ አሉ፤ እባክዎ ተዉት። የሚፈለገው የካንዴላ ቀለም የቡና ወተት ዓይነት ነው። ወደ ነጭነት ከሄደ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ይጋጋልና ፒስተኑ ይነክሳል። ተራራ ላይ ያስተካከሉትን ብስክሌት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይዘው ሲወርዱ ቤንዚኑን መልሰው ይጨምሩለት።

ትልቅ ሲሊንደር ካስገባሁ በኋላ እጄ ይደነዝዛል

ባለ 48ቱን ሞተር አካል ትቶ የ66 ሲሊንደርና ፒስተን ብቻ የሚያስገባ ሰው አለ። ጉዞው ያው 38 ስለሆነ ይገጥማል ተብሎ ይሸጣል፤ አንዳንዱ በግድ ይገጥማል። ችግሩ፣ ፒስተኑ ይከብዳል፤ በውስጥ የሚዞረው ዘንግ ሚዛን የተሠራው ግን ለቀላሉ ፒስተን ነው። ንዝረቱ ከመሪው አልፎ ጥርስ ያንቀጠቅጣል፣ ሞተሩን ከቴላዮው (ከብስክሌቱ አካል) ጋር የሚይዙትን ቡሎኖች ይሰብራል። ከሥሩ የተቆረጠ ቡሎን ከአሉሚኒየም ውስጥ ቦርቡሬ ያወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። መፍትሄው አንድ ነው፤ 66 ከፈለጉ ሙሉውን 66 ይግዙ። አብረው የሚመጡትን ቡሎኖች ግን ይጣሏቸው። እንደ ሸክላ የሚሰበሩ ብረቶች ናቸው፤ ጠንካራ ገዝተው በቡሎን ማጣበቂያ ይሠሯቸው። ከሞተሩና ከቴላዮው መካከል ላስቲክ አስገብቶ ንዝረቱን አስታግሳለሁ የሚለውን አይስሙ፤ ሞተሩ የባሰ ይላወሳል።

ካቴና ወጣሪው

ይህ እንኳን ከሞተር መጠን ጋር የተያያዘው በጥቂቱ ነው፤ ሞተሩ በጎለበተ ቁጥር ይብሳል። ሳልናገረው ግን አላልፍም። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ካቴና ወጣሪ ቴላዮውን በሁለት ቡሎን ብቻ ጨብጦ ይቀመጣል። ሲላላ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ዞሮ የጎማው ሽቦ ውስጥ ይገባል፣ የኋላው ጎማ በአንድ ጊዜ ይታሰራል። የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ ብስክሌቱን ሌላ ሰው ያመጣለት ደንበኛ አለኝ፤ ሲወድቅ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ካቴናውን በልኩ ቆርጠው ያለ ወጣሪ ማሠራት ከቻሉ ያሠሩት። ካልተቻለ ወጣሪውን በአንድ ተጨማሪ ቡሎን ከቴላዮው ጋር ያስሩት፤ ቴላዮው የሚቦረቦር ዓይነት ካልሆነ በብየዳ። ሁልጊዜ ከመነሳትዎ በፊት በእጅ ይነቅንቁት። ልጅዎ የሚነዳው ከሆነ እርስዎ ይነቅንቁት።

ጋዝ ለቅቄም ሞተሩ ይጮኻል

አየር እያስገባ ነው። ካርቡረተሩ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት አጭር ቱቦ ሥር ያለችው ጓርኒሲዮን ከወረቀት የማትሻል ናት። ሞተሩ እየሠራ የሳሙና ውኃ ይርጩባት፤ ድምፁ ከተለወጠ አየሩ የሚገባው በእሷ ነው። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጭ ሰው ራሱን እያቃጠለ ነው። የቱቦውን ፊት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ያስተካክሉት፣ ወፈር ያለ ጓርኒሲዮን ይቁረጡለት። በዚህ ሁኔታ ብዙ ከነዱት ፒስተኑን ይሰናበቱት።

ብዙ ጊዜ የማይገጥሙ፦ ሩብ ሰዓት ሄዶ የሚቆምና ክዳኑ ሲከፈት መልሶ የሚነሳ ከሆነ የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ተደፍኗል። ብልጭታውን ከሚያመነጨው ማግኔት የሚወጣው ነጭ ሽቦ ለመብራት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ከምንም ጋር አያገናኙት፣ ጫፉን ሸፍነው ይተዉት፣ ብልጭታውን ያዳክማል። የፊት ፒኞን ከዘንጉ ላይ የሚላላው አልፎ አልፎ ነው።

ታዲያ የትኛውን ልግዛ?

ከተማዎ ሜዳ ከሆነና ብቻዎን የሚነዱ ከሆነ 48 ሲሲ ከባለ 44 ኮሮና ጋር ይበቃል። ዳገት ካለ 48 ከባለ 50 ጋር። ክብደትዎ ከመቶ ኪሎ በላይ ከሆነ፣ ወይም ዕቃ የሚጭኑ ከሆነና ከተማዎ ከፍታ ላይ ከሆነ 66 ከባለ 44 ጋር ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሕጉ ከፈቀደ። እዚህ ኮሎራዶ ከ50 ሲሲ የበለጠ ሞተር ያለው እንደ ሞተር ሳይክል ይቆጠራል፤ የዚያው ሰሌዳ፣ የዚያው መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም የሞፔድ (የትንሽ ሞተር ብስክሌት) ወሰን 50 ሲሲና በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው። ጭስና ድምፅ የማይፈልግ ሰው ደግሞ እንደ ሆንዳ ጂኤክስ 35 ያለ ባለ አራት ምት ሞተር ይመልከት፤ 35.8 ሲሲ ብቻ ነው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር አይደባለቅበትም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ዳገት ላይ ፔዳል እየረገጡ ማገዝ ግን ግድ ነው።

አዲስ ባለ ሁለት ምት ሲገዙ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሊትሮች በአንድ ሊትር ቤንዚን 62 ሚሊ ሊትር ዘይት ያድርጉ፣ ከዚያ ወደ 40 ይውረዱ። በእነዚያ ሊትሮች ውስጥ ጋዙን እስከ መጨረሻው የሚጎትት ሰው አዲስ ሞተር እያስረጀ ነው።

በቅርቡ አንድ ሰው የሥራ ማሽን ሞተር፣ 212 ሲሲ፣ በመኪናው ጭኖ መጣ። ብስክሌቱን አብሮ ይዟል፤ ቴላዮው ስስ አሉሚኒየም፣ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጡ ሁለት ትንንሽ የላስቲክ ቁራጮች። ብስክሌቱን ሜዳ ላይ በእግሩ ገፍቶ እየሮጠ ፍሬኑን እንዲይዝ ጠየቅሁት። ያዘው፤ ጎማው ሁለት ሜትር ያህል ተንሸራቶ ቆመ። ሞተሩን መልሰን ወደ መኪናው ጫንነው።