የድሮ የሮክ አልበም «ጊዜው አልፎበታል» ከማለት በፊት፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሮክ አልበሞች ዛሬ ከፍቶ «ይሄማ አርጅቷል» ወይም «ይሄ ዘመን አይሽረውም» ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ፍርዱ በምን ላይ እንዳረፈ መለየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈረድበት አልበሙ ራሱ ሳይሆን በኋላ የተነካካ ቅጂ፣ የስልክ ስፒከር ወይም የቆየ ዝና ሆኖ ይገኛል።

የትኛውን ቅጂ እንደሰሙ ሳያጣሩ መፍረድ

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። አልበሙ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ገበያ ላይ ያለው አንድ ዓይነት አይደለም። «ሪማስተር» ማለት ተቀናብሮ ያለቀውን ቴፕ እንደገና አጥርቶ ማውጣት ነው፤ የቤዙ ውፍረትና የድምፁ ከፍታ ይለወጣል እንጂ ጊታሩና ድራሙ እርስ በርስ ያላቸው ሚዛን ያው ነው። «ሪሚክስ» ግን ለየብቻ ወደተቀረጹት ድምፆች ተመልሶ ሚዛኑን ከሥሩ መሥራት ነው። ሁለተኛው ሲሆን በእጃችሁ ያለው ሌላ አልበም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚዚ ቶፕን «ትሬስ ኦምብሬስ» ውሰዱ። የወጣው በ1973 ነው፤ ደረቅ፣ ቅርብ፣ የቴክሳስ ብሉዝ የሚሸት ድምፅ ነበረው። በ1987 የባንዱ የቆዩ አልበሞች ለሲዲ ሲዘጋጁ ግን ድራሙ ላይ የዚያን ሰሞን ፋሽን የሆነ ዲጂታል ማስተጋባት ተጨመረበት። የመጀመሪያው ሚክስ (የድምፆቹ ሚዛን) በሲዲ የተመለሰው በ2006 ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት ሲዲውን ገዝቶ «ድራሙ የ80ዎቹ ይመስላል፣ አርጅቷል» ያለ ሰው ጆሮው አልዋሸውም፤ የፈረደው ግን በ1973ቱ ሥራ ላይ አልነበረም።

የኦዚ ኦዝቦርን «ብሊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ደግሞ የባሰ ደርሶበታል። በ1980 ሲወጣ ቤዙን ቦብ ዴይስሊ፣ ድራሙን ሊ ከርስሌክ ነበር የተጫወቱት። በ2002 በድጋሚ ሲታተም የሁለቱም ድምፅ ተነሥቶ በሮበርት ትሩሂዮና በማይክ ቦርዲን አዲስ ቀረጻ ተተካ። የመጀመሪያዎቹ የተመለሱት በ2011 ህትመት ነው። የኢጊ ፖፕ ባንድ የስቱጅስ አልበም የ«ሮው ፓወር»ም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፦ በ1973 ዴቪድ ቦዊ የሠራው ሚክስ አለ፣ በ1997 ኢጊ ፖፕ ራሱ የሠራው አለ። የኋለኛው ሆን ተብሎ እስኪሻክር ድረስ የጮኸ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ ሁለቱን ሳይለዩ የሚሰጥ አስተያየት ግን ዋጋ የለውም።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በማዳመጫ መተግበሪያው ላይ ከአልበሙ ስም ጎን «ሪማስተርድ»፣ «ሪሚክስ» ወይም «ዴሉክስ» የሚል ቃልና ዓመት መኖሩን እዩ። ዲስኮግስ በተባለው የአልበሞች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ የየህትመቱ ዝርዝር በዓመትና በአገር ተለይቶ ይገኛል። ከዚያ ከአንድ ዘፈን ውስጥ ድምፃዊው ገብቶ ድራሙ የሚከተልበትን 30 ሰከንድ መርጣችሁ ሁለቱን ቅጂዎች አከታትላችሁ ስሙ። ልዩነት ካለ እዚያው ይታወቃል። አልበሙን የተዋወቃችሁት ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ በኖረ ቅጂ ከሆነማ ቀጫጭኖቹ ድምፆች በየግልበጣው እየደበዘዙ ስለሚሄዱ ትዝታችሁን መለኪያ አታድርጉት።

የጮኸውን «የተሻለ» ብሎ መውሰድ

ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ አንዱ በ1 ዲሲቤል እንኳ ቢበልጥ ጆሮ ወደ እሱ ያደላል፤ «ጮኸ» ብሎ ሳይሆን «ጠራ፣ ሞላ» ብሎ ነው የሚነግራችሁ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡ ብዙ ሪማስተሮች ዝቅ ያለውን ክፍል ወደ ላይ ገፍተው፣ ጎላ ያለውን ጨፍልቀው የተሠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ደቂቃ ያስደስታሉ፣ በሃያኛው ያደክማሉ። ስፖቲፋይ በተለመደው ቅንብሩ ዘፈኖችን ወደ −14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ያቀራርባል፤ ያ ቅንብር መከፈቱን አረጋግጡ። በሌላ ማጫወቻ ከሆነ ድምፁን በእጅ አስተካክሉ፤ ለማመሳከሪያ የሚመቸው የድምፃዊው ከፍታ ነው። የቤዝ ማጉያውንና ኢኳላይዘሩን አጥፉ።

ስቴሪዮ ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ ማሰብ

እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ዋናው ህትመት ሞኖ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰማበት) ነበር። «ሳርጀንት ፔፐር» (1967) ሲሠራ ቢትልሶች ስቱዲዮ ተቀምጠው የደከሙበት የሞኖው ሚክስ ነው፤ ስቴሪዮው በኋላ በፍጥነት ነው የተሠራው። ልዩነቱ በጆሮ ይያዛል፦ «ሺ ኢዝ ሊቪንግ ሆም» በሞኖው ፈጠን ይላል፣ ቃናውም ቀጠን ይላል። የስቴሪዮውን ሰምተው «ይንቀረፈፋል» ለሚሉ ሰዎች መልሱ እዚያ አለ። የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» (1966) ደግሞ በሞኖ ታስቦ በሞኖ የተሠራ ነው። ብራያን ዊልሰን ቀኝ ጆሮው ፈጽሞ የማይሰማ ያህል ነበር። የአልበሙ ሙሉ ስቴሪዮ ሚክስ ለሕዝብ የደረሰው በ1997 ነው።

በዚያ ዘመን ስቴሪዮዎች ላይ ድምፃዊው ሙሉ በሙሉ በአንድ ጆሮ፣ ባንዱ በሌላው ሲሆን ታገኛላችሁ። በጆሮ ማዳመጫ ይረብሻል። ጉድለቱ የዘፈኑ ሳይሆን የአቀማመጡ ነው፤ በሁለት ስፒከር፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሲሰሙት ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ይዋሃዳል። ሞኖውን ማግኘት ካልተቻለ ብዙ ስልኮች በተደራሽነት ቅንብራቸው ውስጥ «ሞኖ ድምፅ» የሚል ምርጫ አላቸው። እውነተኛውን የሞኖ ሚክስ አይተካም፣ ለፍርድ ግን ይበቃል።

በስልክ ስፒከር ሰምቶ «ባዶ ነው» ማለት

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አያሰማም። የዛሬ ዘፈኖች ስልክን ታሳቢ አድርገው ስለሚሠሩ ያልፋሉ፤ የድሮዎቹ አልተሠሩለትም።

ቅደም ተከተሉን ማፍረስ

የሸክላ አንድ ገጽ በጥሩ ድምፅ የሚይዘው 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲረዝም ድምፁ ዝቅ ብሎ መቀረጽ አለበት፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ደግሞ እየሻከረ ይመጣል። ስለዚህ ባንዶቹ አልበሙን የሚያስቡት እንደ አንድ የ40 ደቂቃ ጉዞ ሳይሆን እንደ ሁለት ገቢር ነው። «አቢ ሮድ» (1969) ላይ የመጀመሪያው ገጽ የሚያልቀው ከ7 ደቂቃ በላይ በሚፈጅ ዘፈን ነው። መጨረሻው ላይ ያው ጊታር ይመላለሳል፣ ከሥሩ ከሲንተሳይዘር የወጣ የንፋስ ጩኸት እየበረታ ይሄዳል፣ ከዚያ በድንገት፣ ልክ ቴፑ በመቀስ እንደተቆረጠ፣ ዝም። አድማጩ ይነሣል፣ ሸክላውን ይገለብጣል፣ የጆርጅ ሃሪሰን አኩስቲክ ጊታር ይቀበለዋል። በኢንተርኔት ሲሰማ ግን በሁለቱ መካከል ትንፋሽ የለም፣ አልፎ አልፎም ማስታወቂያ ይገባል። ሹፍሉን (ዘፈኖቹን የሚያደበላልቀውን ቅንብር) አጥፉ፤ ገጹ የሚያልቅበትን ዘፈን አስቀድማችሁ እወቁና እዚያ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አቁሙት።

ተጨማሪ ዘፈኖችም ያሳስታሉ። የፍሊትዉድ ማክ «ሩመርስ» በ1977 ሲወጣ 11 ዘፈን ነበረው፤ «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ቦታ ስላጣ ቀርቶ ነበር። በ2004ቱ ህትመት መሃል ላይ ተሰካ። ዘፈኑ ግሩም ነው፣ ማንም አይክደውም፤ አልበሙ ግን ሲረዝም ውጥረቱ ይላላል። ፍርዱ በ11ዱ ላይ ይሁን፣ ቀሪውን እንደ ምርቃት ስሙት።

የዘመኑን ድምፅ ከዘፈኑ ጋር ማደባለቅ

አንዳንድ ድምፅ ዓመቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ ነው የሚመጣው። በ1979 ለንደን ታውንሃውስ ስቱዲዮ ውስጥ ፒተር ጋብሪኤል ሦስተኛ አልበሙን ሲቀርጽ፣ መሐንዲሱ ሂው ፓድገም የፊል ኮሊንስን ድራም እንግዳ አድርጎ ያዘው፦ ምቱ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ይፈነዳል፣ ማስተጋባቱ ግን ቀስ ብሎ መክሰም ሲገባው ድንገት ይቆረጣል። ያን ጊዜ ማንም ያልሰማው ነገር ነበር። ከዚያ ሁሉም ያዘውና አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ሰለቸ። መጀመሪያ ያመጣውን ሰው በተከታዮቹ ጥፋት መቅጣት ደግ አይደለም።

ከእሱ በተቃራኒ የሊድ ዘፕሊንን አራተኛ አልበም (1971) የመጨረሻ ዘፈን ስሙ። ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ የእንግሊዝ ገጠር ቤት ውስጥ የጆን ቦናም ድራም ከደረጃው ግርጌ ተተከለ፣ ሁለት ማይክሮፎኖች ከላይ ከደረጃው ተንጠለጠሉ። የምትሰሙት የአንድን ቤት አየር ነው። በ1986 ቢስቲ ቦይስ ያንኑ ምት ቆርጠው ራፕ ሠሩበት፤ ከጊዜው ጋር ግጥም አለ። ከዚህ ተነሥቶ «በማሽን የተሠራ ያረጃል፣ በእውነተኛ ክፍል የተቀረጸ አያረጅም» ማለት ያጓጓል፤ ግማሽ እውነት ነው፣ ስንፍናም አለበት።

ብዙዎች የሚመክሩት ፈተና «በአንድ ጊታር ብቻ ቢዘፈን ይቆማል ወይ?» የሚለው ነው። ለዜማ ጥሩ መለኪያ ነው። ድምፁ ራሱ ዘፈን በሆነበት ሥራ ላይ ግን አይሠራም፤ አሁን ያነሣነው የቦናም ድራም ከተነሣ የሚቀረው ሌላ ነገር ነው።

የፍጥነቱንም ነገር ተጠንቀቁ። የዚያ ዘመን ባንዶች በአብዛኛው ያለ ክሊክ (ምት ከሚጠብቅ የማሽን ድምፅ ውጪ) ይቀርጹ ስለነበር በዘፈኑ መሃል ፍጥነቱ ትንሽ ይወጣል፣ ይወርዳል። በኮምፒውተር መስመር ላይ በተስተካከለ ምት ያደገ ጆሮ ይህን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። ወደ አዝማቹ ሲቃረብ ከፈጠነ ሆን ተብሎ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

የዝርዝሮችን ደረጃ እንደ ብይን መቀበል

ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 ባወጣው የ500 አልበሞች ዝርዝር «ሳርጀንት ፔፐር» 1ኛ ነበር፤ በ2020ው 24ኛ ሆነ። በቴፑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ናቸው የተለወጡት። የዘመኑ ሽያጭም አይረዳም፦ የቬልቬት አንደርግራውንድና የኒኮ የ1967ቱ አልበም ያኔ በአሜሪካው የቢልቦርድ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ171ኛ በላይ አልወጣም።

ግጥሙን በጅምላ ይቅር ማለት ወይም በጅምላ መኮነን

«ዘመኑ ነው» ብሎ ሁሉንም ማለፍ ስንፍና ነው፤ በአንድ ዘፈን ምክንያት አሥሩን መጣልም እንዲሁ። የሮሊንግ ስቶንስ «ስቲኪ ፊንገርስ» (1971) የሚከፈተው ባርነትን በሚያነሣ ዘፈን ነው፤ ባንዱ ራሱ በ2021 ጉዞው ላይ አልተጫወተውም። ቀሪዎቹን ዘጠኝ ዘፈኖች በየራሳቸው መዝኑ፣ ይህንንም ሳትደብቁ ጻፉት።

የባለቤትነት ጉዳይም ከፍርዱ አይቅር። «ሆል ሎታ ላቭ» በ1969 ሲወጣ በሊድ ዘፕሊን አባላት ስም ብቻ ነበር። የብሉዝ ዘፈን ደራሲው ዊሊ ዲክሰን በ1985 ከሰሰ፣ በ1987 በስምምነት አለቀ፣ ስሙም ገባ። ከክሱ በፊት የታተመ ሸክላ በእጃችሁ ካለ ስሙን አታገኙትም። «ፈጠራው አስደናቂ ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት መዲ ዋተርስ በ1962 የዘፈነውን የዲክሰንን «ዩ ኒድ ላቭ» ስሙና የትኛው ስንኝ ከዚያ እንደመጣ፣ የትኛው የጊታር ሐረግ ደግሞ የጂሚ ፔጅ እንደሆነ ለዩ።