አንደርግራውንድ ውስጥ እንጨት ሥራ ለምታስቡ

መጋዝና መላጊያ ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን ፈትኑት። ባሕር ዳር ላይ፣ በተለይ ወደ ጣና በተጠጋ ሰፈር፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል እርጥበት አያጣውም። ክረምት ላይማ አይወራ።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ሲሚንቶው ላይ አንጥፉ። ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስትገልጡት ከሥሩ ውሃ ካዘለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ነው።

እንዲህ ከሆነ ጣውላ ወለል ላይ አታስተኙ፣ ግድግዳም አታስደግፉ። ብሎኬት ደርድሩ፣ ሞራሌ አጋድሙበት። በየጣውላው መሃል ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ቆልሉ፣ አየር ይግባው። ዋንዛም ቢሆን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። እንዳበጠ የተሠራ ቁምሳጥን ደረቅ ቤት ሲገባ ይሰበሰብና መገጣጠሚያው ይከፈታል። ደንበኛው ደግሞ የሚወቅሰው እንጨቱን ሳይሆን እናንተን ነው።

ለሰጋቱራው ብናኝ አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ቬንትሌተር መስኮቱ ላይ ግጠሙ። ማስክ ግን አይቀርም።

ወደ ክፍሉ የሚያወርደውን ደረጃም ለኩ። ሙሉ ኮምፔርሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። መታጠፊያው ላይ ካላለፈ ከሱቁ አስቆርጣችሁ አምጡ።