ሎን ቼኒ ጁንየር በ«ዘ ዎልፍ ማን»፦ ትወናውን ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ተኩላ-ሰው ፊልሞች ወሬ ከተነሳ እ.ኤ.አ. በ1941 ዩኒቨርሳል ያወጣው «ዘ ዎልፍ ማን» ሳይጠቀስ አይቀርም። ሎን ቼኒ ጁንየር ላሪ ታልቦትን ሆኖ የተወነበትን ይህን ፊልም የማያደንቅ ጥቂት ነው። አድናቆቱ ግን ብዙ ጊዜ ቦታውን ይስታል። እኔም ለዓመታት ከሳቱት አንዱ ነበርኩ።

ጸጉሩን ትወና አድርጎ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ያ የሚታወቀው ፊት የሜካፕ ባለሙያው የጃክ ፒርስ ሥራ ነው፤ የተለጠፈውም የያክ ጸጉር ነው። በዚያ ሁሉ ጸጉር ሥር ለቼኒ የቀረለት አረማመዱና ዓይኑ ብቻ ነበር። ችሎታውን ለማየት የፈለገ ሰው ጸጉሩ ሳይበቅል ያለውን ላሪ ይመልከት፤ በተለይ እጆቹን።

ላሪ ከ18 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ተነስቶ ዌልስ ወዳለው የአባቱ ቤት ሲመለስ፣ የአባቱን ቴሌስኮፕ የሚያስተካክለው እሱ ነው። እጁ ሥራ የለመደ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። በዚያው ቴሌስኮፕ ግዌን የምትባል ወጣት ያያል፤ ሱቋ ድረስ ሄዶም እጀታው የተኩላ ራስ ያለው የብር ከዘራ ይገዛል። ከዚህ በኋላ እጆቹ አንድ በአንድ ይከዱታል። የነከሰውን ተኩላ በከዘራው ይገድላል፤ የገደለው ግን ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ላሪም በንክሻው ተኩላ-ሰው ይሆናል። በተኩስ መጫወቻው የተኩላ ምስል ብቅ ሲልበት መምታት ያቅተዋል። በፊልሙ ሕግ፣ ተኩላ-ሰው ቀጥሎ በሚገድለው ሰው መዳፍ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይታየዋል። ላሪ ኮከቡን የሚያየው በግዌን መዳፍ ላይ ነው፤ የገዛ እጁ ሊሠራ ያለውን በእሷ እጅ ላይ ያነብባል። እዚህ ቦታ ላይ አንዲት ዘለላ ጸጉር ፊቱ ላይ የለችም።

ግዝፈቱን እንደ ጉድለት ማየት

«ይኼ ሰውዬ እንዴት የክሎድ ሬይንስ ልጅ ይሆናል?» እያሉ መቀለድ የተለመደ ነው። እርግጥ አባቱን ሰር ጆንን የሚጫወተው ሬይንስ አጠር፣ ቀጠን ያለ ነው፤ ቼኒ አጠገቡ ሲቆም ግንድ ይመስላል። እኔ ግን ይህ አለመመጣጠን ትወናውን ጠቅሞታል ባይ ነኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ትዕይንት አስታውሱ። ላሪ ዘግይቶ ይገባል፣ ምእመናኑ ሁሉ ዞረው ያዩታል፣ እሱም መቀመጥ አቅቶት ይወጣል። ሰውነቱ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ምሰሶ ጥግ ይሸጎጥ ነበር፤ ያን የሚያህል ሰው ግን መደበቂያ የለውም።

ቼኒ ይህን ያወቀው በ1941 አይደለም። በ1939 በ«ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» ፊልም ላይ ሌኒ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲተውን፣ ጉልበቱን የማይቆጣጠር፣ ሳይፈልግ በእጁ የሚገድል ሰው ነበር። ላሪን ለመረዳት የሚሻ ሌሎች የተኩላ-ሰው ፊልሞችን ከሚያሳድድ ይልቅ ሌኒን ቢያይ ይሻለዋል።

የኋላውን ወደ ፊት ማምጣት

ላሪ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ይለወጣል፣ በብር ጥይት ይሞታል የሚል ሰው ፊልሙን በትዝታ እያወራ ነው። በ1941ዱ ፊልም ስለ ተኩላ-ሰው የሚነገረው ግጥም የሚያነሳው የመጸውን ብሩህ ጨረቃ ነው፤ «ሙሉ» የሚለው የገባው በ1943ቱ ተከታይ ፊልም ነው። ግጥሙንም ጥንታዊ ተረት አድርገው የሚጠቅሱት አሉ፤ የፈጠረው የፊልሙ ጸሐፊ ከርት ሲዮድማክ ነው። ላሪን የሚገድለው የብር ጥይት ሳይሆን የብር ከዘራው ነው።

የመለወጡ ትዕይንትም እንዲሁ ነው። በዚህ ፊልም ላሪ ወደ ተኩላ ሲለወጥ የሚታየው እግሩ ነው። ፊቱ ደረጃ በደረጃ ሲለወጥ የምናየው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ከተኩላ ወደ ሰው። ቼኒ ላሪን እስከ 1948 ድረስ 4 ጊዜ ደግሞ ተጫውቶታል፤ ትዝታችን የተደባለቀው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አባትና ልጅን ማምታታት

«ባለ ሺህ ፊቱ» ሎን ቼኒ አባትየው ነው፤ በ1930 ሞቷል። የልጁ የትውልድ ስም ክሬይተን ነበር። በፊልሙ ላይ «ጁንየር» የሚለው ተቀንሶ በአባቱ ስም ስለተጠራ፣ የሚሳሳት ሰው አይፈረድበትም።

ከ1981ዱ ፊልም ጋር ማፎካከር

«አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» ላይ ዴቪድ ኖውተን ብርሃን በሞላበት ክፍል ውስጥ እየጮኸ ይለወጣል፤ ሜካፑም ለሪክ ቤከር ኦስካር አስገኝቷል። የኖውተን ሥራ የሥጋን ሕመም ማሳየት ነበር። የቼኒው ሥራ ሌላ ነው፤ ነግቶ ሌሊት ያደረገውን የሚጠረጥር ሰው መሆን ነው።

ከዘራውን አለማስተዋል

ብዙ ተመልካች የመጨረሻውን አደን በጉጉት ሲጠብቅ ይህ ያመልጠዋል። ሰር ጆን ልጃቸው የሚለው ቅዠት መሆኑን ሊያሳዩት ወንበር ላይ ያስሩታል። ሊወጡ ሲሉ ላሪ ከዘራውን ይዘው እንዲሄዱ ይማጸናቸዋል። አባትየው ግራ ቢገባቸውም ይወስዱታል። ሌሊት ጫካ ውስጥ ግዌንን ያነቀውን አውሬ በዚያው ከዘራ ደብድበው ሲጥሉት፣ ጸጉሩ እየጠፋ የልጃቸው ፊት ይወጣል።